ሳይጠየቅ ስለሚሰጥ ይቅርታ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ከተማሪዎች የቀረቡልኝ ጥያቄዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹን ዛሬ አላስታውሳቸውም። አንዱ ግን እስከ አሁን አልለቀቀኝም። ስለ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በማስተምርበት ዕለት፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ በኢጣልያኖች ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ማዘዛቸውን ከነገርኋቸው በኋላ፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅዋን አነሣችና «መምህር፥ ኢጣልያኖቹ ይቅርታ ጠይቀው ነበር?» አለችኝ። «አልጠየቁም» አልኋት። «እንግዲያው ይቅር የተባለው ማን ነው?» አለችና ተቀመጠች። በዚያው ደወል ተደወለ፤ እኔም ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ደወሉ እንዳዳነኝ ዛሬ ባልሸሽግ ይሻላል።

ልጆቼ፥ ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው። እርስዋ ዛሬ የልጆች እናት ሳትሆን አትቀርም፤ ጥያቄዋንም ረስታው ይሆናል። እኔ ግን በዚህ መጽሐፍ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ ይልቅ ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

እኔ ያደግሁት በሁለት ትምህርት መካከል ነው። አንደኛው የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ገና ልጅ ሳለሁ አባቴ በአዳሪነት አስገባኝ፤ ጧት ጧት ከቁርስ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብልን ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣች መምህራችን አማርኛዋ የተሰባበረ፥ ልብዋ ግን የቀና ሴት ነበረች። ስለ ይቅርታ በምታስተምርበት ጊዜ ሁልጊዜ ወደ መስቀሉ ትመልሰን ነበር። ሰቃዮቹ መዶሻውን ገና ከእጃቸው ሳያኖሩ ጌታ ስለ እነርሱ መለመኑን ትነግረንና «ከእነርሱ ውስጥ ይቅርታ የጠየቀው ማን ነው?» ትለናለች። «ማንም» ብለን በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ትምህርቱም በዚህ ያበቃል።

ሁለተኛው የአባቴ አባት ቤት ነው። ክረምት ሲሆን ወደ ገጠር እሄድ ነበር። አያቴ በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩና ደም የተቃቡ፥ ድንበር የተጋፉ፥ በርስት የተካሰሱ ሰዎች ጉዳይ ከደጃቸው አይጠፋም። በዚያ ያየሁት የዕርቅ ሥርዓት እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። በዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፥ ነጠላውን አደግድጎ፥ ጐንበስ ብሎ ይመጣል፤ ከተበዳዩም ፊት ሲደርስ ይንበረከካል። ተበዳዩ መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ሽማግሎቹ ስለ እግዚአብሔር፥ ስለ እመቤታችን እያሉ ይማልዱታል። ብዙ ከተለመነ በኋላ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ በዚያን ጊዜ ድንጋዩን ከበዳዩ ማጅራት ላይ ያወርዱለታል። አንድ ክረምት የሚስዮን ትምህርቴን ይዤ፥ «አባባ፥ ድንጋዩን አልሸከምም ያለ ሰውስ ይቅር አይባልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አያቴ ሣቁብኝ። «ያልተሸከመውን ሰው ምኑን ያራግፉለታል?» አሉኝ።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄና የአያቴ መልስ አንድ ነው። የሚስዮን መምህራችን ደግሞ በሌላው ወገን ቆማለች። ሁለቱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ያነብቡ ነበር።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃል አለው፤ እኛ ግን ቀላቅለን እንናገራቸዋለን። «ምሕረት» ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ እግዚአብሔር ይምራል፥ ንጉሥ ይምራል፥ ሞት የተፈረደበትም ይማራል። «ዕርቅ» ያለ ሁለት ሰው አይሆንም። «ይቅርታ» ደግሞ ከ«ቀረ» የወጣ ነው፤ ይቅር ያለ ሰው መቀበል የሚገባውን አንድ ዕዳ አይቀርበኝ ማለቱን ትቶ ይቅርብኝ አለ ማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ተበዳዩ አለ፥ ዕዳው አለ፤ በዳዩ ግን በግድ መኖሩ አይታይም። ሽማግሎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲያሰኙም ዕዳውን ለእግዚአብሔር ማስተላለፋቸው ነው፤ ጠፋ ማለታቸው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ ስለ ወለደ ደስታውን ለመግለጥ ብሎ ድሆችን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰበሰበ፤ ይህም ዛሬ በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ግቢ ነው። ምጽዋት ሲሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በከተማው ላይ የወረደው መዓት ሦስት ቀን ቆየ። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች በጠመንጃ ብቻ አልበቃቸውም፤ በአካፋና በዶማም ይገድሉ ነበር፤ የሣር ክዳን ቤቶችንም ሰው በውስጣቸው እያለ በቤንዚን ያቃጥሉ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 አድርጎ ቈጠረ። እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ 19,000 ያህል ይገምታል። እኔ በቍጥሩ ላይ አልከራከርም። ከሞቱት አንዱ የእናቴ አባት ነበረና፥ በእኛ ቤት ቍጥሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

የእናቴ እናት፥ እማማ የምንላት፥ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች። ባልዋ ዓርብ በማታ የወንድሙን ቤት ሊያይ ወጣ፤ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። እርስዋ እናቴን አዝላ በወንዝ ውስጥ አደረች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሽሮ እየነፋች ነበር የነገረችኝ፤ ወንፊቱንም አላቆመችም።

በግንቦት ወር ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ መነኮሳቱን የቦምብ ጣዮቹ ተባባሪዎች ናቸው ብሎ ጄኔራል ማሌቲ እንዲፈጃቸው አዘዘ፤ ጭፍጨፋውም የተጀመረው በግንቦት 13 ቀን፥ በጻድቁ በተክለ ሃይማኖት በዓል ለመሳለም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። የኢጣልያኖቹ ቴሌግራሞች የተገደሉትን በመቶዎች ይቈጥራሉ፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሳቸዋል። ዲያቆናቱን ለይተው ካቈዩአቸው በኋላ በደብረ ብርሃን አካባቢ ገደሏቸው። ከዚህ በፊትም በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገድለው ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ የመርዝ ጢስ በሰውና በከብት ላይ ፈስሷል። ይህን ሁሉ የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ይቅር የተባለው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ስለ ይቅርታ ሊናገር አይችልምና ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በአምስት ዓመቱ በዚያው ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማቸው ገቡ። በከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የኢጣልያ ሰዎች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ፈርተው ተቀምጠዋል። ወንድምና ልጅ ያጡ አርበኞች ደግሞ ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ያደረጉትን ንግግር ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። «ክፉን በክፉ አትመልሱ» ከማለታቸው በፊት የሆነውን ክፉ ነገር አንድ በአንድ ተናግረዋል፤ የታረዱትን ካህናት፥ የተቃጠሉትን ቤቶች፥ የተገደሉትን ሴቶችና ሕፃናት ሁሉ አንሥተዋል። እርሱን በስሙ ከጠሩ በኋላ ነው የኢትዮጵያን መልካም ስም በበቀል እንዳታጐድፉ ያሉት። ሕዝቡም ሰማ። የተፈራው እልቂት አልደረሰም።

ይህ ይቅርታ ነውን? በወጣትነቴ ያለ ማመንታት «አዎን» ብዬ አስተምር ነበር። ኋላ ግን እየዋለ ሲያድር ጠረጠርሁ። መጀመሪያ፥ ነገሩ ብልኅነትም ነበረበት። የእንግሊዝ ጦር በአገሩ ላይ ነበር፤ ኢትዮጵያ ራስዋን ማስተዳደር የምትችል መሆንዋን ዓለም ይመለከት ነበር፤ መካኒኩ፥ ግንበኛው፥ ሾፌሩ ከእነዚያው ከኢጣልያኖች ወገን ነበርና አገሩን መልሶ ለማቆም ያስፈልግ ነበር። እንግሊዞች አብዛኞቹን ወደ አገራቸው ሲልኩ ንጉሠ ነገሥቱ ሙያተኞች እንዲቀሩ የፈለጉት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ከዚህ ይከብዳል። የካቲት 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። በወንዝ ውስጥ ያደረችው እማማ ናት። የእርስዋን ዕዳ ይቅር የሚል ሌላ ሰው ማን ነው?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው። ንጉሥ የሰውን እጅ ሊያዝዝ ይችላል፤ ልብን ግን ሊያዝዝ አይችልም። በዚያ ቀን የታዘዘው እጅ ነው። በቀል ተከለከለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፥ ብዙ ነፍስ አድኗልና፤ ይቅርታው ግን ለየሰዉ በየቤቱ የቀረ ሥራ ሆነ። ለዚህም ማስረጃ የምለው፥ በቀልን የከለከሉት እኒያው ንጉሠ ነገሥት ፍርድን አለመተዋቸው ነው። መንግሥታቸው የጦር ወንጀል የሚያጣራ ኮሚሲዮን አቋቋመ፥ ሰነድ ሰበሰበ፥ ባዶልዮና ግራዚያኒ ለፍርድ እንዲሰጡት ጠየቀ። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮንም በ1940 ዓ.ም. ሁለቱን ጨምሮ ዐሥር ኢጣልያኖች ሊከሰሱ የሚገባቸው መሆኑን ተቀበለ። ነገር ግን አንድም ሰው በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ግፍ ፍርድ ቤት አልቆመም። እንግሊዝ አልፈለገችም፤ ኢጣልያም አልሰጠችም።

ግራዚያኒ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር፤ ስለ እኛ ግን አልነበረም። በ1942 ዓ.ም. ከጀርመኖች ጋር ተባብረሃል ተብሎ 19 ዓመት ተፈረደበት፥ ጥቂት ወር ታስሮም ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ስለ ራሱ ለጻፈው መጽሐፍ የሰጠው ስም አገሬን ጠበቅሁ የሚል ነበር። በ1947 ዓ.ም. በሮማ ሞተ። ስለ ደብረ ሊባኖስ ተጸጸተ የሚል አንድ ቃል ከእርሱ አላገኘሁም፤ ብዙ ፈልጌአለሁ።

መንግሥቱስ? በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የተከፈለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ በዚያም ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ካሳ ነበረ፥ ንስሐ ግን አልነበረም። (እማማ ቤት ኤሌክትሪክ የገባ ዕለት አምፑሉን እያየች ስትደነቅ ትዝ ይለኛል። የብርሃኑ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ በዚያን ጊዜ ባውቅና ብነግራት ምን ትል ነበር እያልሁ አስባለሁ።) በ1963 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ኢጣልያ ሄደው በክብር ሲጐበኙ፥ ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት በሮማ አደባባይ ቆሞ ነበር። የመርዝ ጢሱን ነገር የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር በግልጥ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። በ1990 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ስካልፋሮ አዲስ አበባ መጥተው ስለ ወረራው በደል በአደባባይ ተናገሩ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፥ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻም በአክሱም ቆሞ ተመረቀ። ነገሩ ወደ መልካም ሄደ ስንል ደግሞ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል ትንሽ የኢጣልያ ከተማ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። በኢጣልያ አገርና በሌላም ስፍራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጮኹ። በ2008 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ማታሬላ መጥተው በስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን አኖሩ።

ልጆቼ፥ ቈጥሩልኝ። ከ1933 እስከ 1988 ዓ.ም. 55 ዓመት ነው። እማማ በዚህ መካከል ሞተች። ኑዛዜው ሲመጣ የሚቀበለው ጆሮ አልነበረም። ይቅርታ በንስሐ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ እማማ ይቅር ሳትል ሞተች ማለት ነው፤ ይህም የእርስዋ ጥፋት ሳይሆን የግራዚያኒ ሥልጣን ይሆናል። አንድ ሰው ባልዋን ከገደለ በኋላ ነፍስዋንም አልጸጸትም በማለት ብቻ አስሮ ሊይዛት ቻለ ማለት ነው። ይህን ልቀበለው አልቻልሁም።

ነገር ግን በሌላው ወገን ያለውን መጽሐፍ አልሸሽግም። በሉቃስ ወንጌል 17ኛ ምዕራፍ ጌታ ወንድም ሲበድል መጀመሪያ ገሥጸው፥ ከተጸጸተም ይቅር በለው ይላል፤ በቀን ሰባት ጊዜ እንኳ ተጸጸትሁ እያለ ቢመለስ። «ከተጸጸተ» የሚለው ቃል እዚያ ተጽፏል፤ ለጌጥ አልተጻፈም። የሚስዮን መምህራችን ይህን ክፍል አላስነበበችንም፤ ወይም ቸኵላ አልፋዋለች። በማርቆስ 11ኛ ምዕራፍ ደግሞ ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ በሰው ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ይላል፤ በዚያ ቦታ በዳዩ የለም፥ ቆሞ የሚጸልየው ተበዳዩ ብቻ ነው። ሁለቱን ቃል አንድ ጌታ ተናግሯቸዋል። እንግዲያስ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ አይመስለኝም።

መስቀሉንም በተመለከተ በሽምግልናዬ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። ጌታ ሰቃዮቹን ፊት ለፊት «ይቅር ብያችኋለሁ» አላላቸውም፤ አብን ለመነላቸው። ከአምሳ ቀን በኋላ ጴጥሮስ በዚያችው ከተማ ቆሞ ለዚያው ሕዝብ ንስሐ ግቡ ብሎ ሰበከ። ልመናው አስቀድሞ ደርሶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ለመቀበል ግን መመለስ ነበረባቸው። አያቴም የሚስዮን መምህራችንም እኩል እኩል ትክክል ነበሩ፤ ወይም ሁለቱም ግማሹን ብቻ አዩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን የዮሴፍ ታሪክ ነው። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ ሲወርዱ ዐወቃቸው፤ እነርሱ አላወቁትም። በዚያው ቀን ሊገድላቸው ሥልጣን ነበረው። አልገደላቸውም፤ ነገር ግን አልተገለጠላቸውምም። ፈተናቸው፥ አሰራቸው፥ ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ሰምቶ ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ፊቱንም አጽድቶ ተመለሰ። የእህሉን ዋጋ በየጆንያቸው ውስጥ መልሶ አስቀመጠላቸው። ልጆቼ፥ በዚያች ሰዓት ዮሴፍ ይቅር ብሎአል ወይስ አላለም? እንባው ይቅር ያለ ሰው እንባ ይመስላል፤ ፊቱ ግን የባዕድ ጌታ ፊት ነው። የተገለጠላቸው ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ለባርነት ከሰጠ በኋላ ነው፤ ያ ወንድሙን የሸጠ ይሁዳ ስለ ወንድሙ ሊሸጥ በፈቀደ ጊዜ። በልቡ ያለውን ቂም ለመተው ዮሴፍ ማንንም አልጠበቀም። ወንድሞቹን ለማቀፍ ግን ጠበቀ፤ መጠበቁም ጭካኔ አልነበረም። ሳይለወጡ ቢገለጥላቸው ኖሮ ያቅፉት የነበረው የግብፅን ጌታ እንጂ ወንድማቸውን አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። በቀልን መተው፥ የበዳይንም ጥፋት መመኘትን መተው ጠያቂ አያስፈልገውም፤ ክርስቲያን ይህን በደለኛው ቢሞትም ባይጸጸትም ያደርገዋል። ዕርቅ ግን ድንጋዩን የሚሸከም ይፈልጋል። ያልተጸጸተን ሰው ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ማቀፍ ለእርሱም አይበጀውም፤ በኀጢአቱ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ነውና። ፍርድ መጠየቅም ይቅርታን አያፈርስም። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማሙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ፤ በትሕትና እሰማቸዋለሁ።

እማማን አንድ ቀን ጠይቄአት ነበር። በሰፈራችን ከድል በኋላ የቀረ አንድ ኢጣልያዊ መካኒክ ነበር፤ ሰዉ «ሲኞር» ይለው ነበር። እማማ እንቍላል ትሸጥለት ነበር። የሚስዮን ልጅ ነኝና፥ «እማማ፥ ለሲኞር ይቅር ብለሽዋል?» አልኋት። «እሱ ምን አደረገኝ? መኪና ሠሪ ነው» አለችኝ። «ለነዚያስ?» አልሁ። «መጥተው መች ጠየቁኝ? ደግሞስ የማንን ፊት አስቤ ይቅር ልበል? ማን እንደ ገደለው አላየሁ» አለችና ዝም አለች። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ዳቦ ጋግራ ነዳያንን ታበላ ነበር። በዚያ ዓመት ከዳቦው አንድ ቁራሽ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ይህን ለሲኞር አድርስለት» አለችኝ። ለምን እንደ ሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የዳቦው ትኩሳት በመዳፌ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ነው፤ የታሪክ መምህር ደግሞ ስለ ሩቁ ሲናገር አይፈራም። የቅርቡን ልጨምር። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች የደርግ ባለሥልጣኖች የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ ለመጠየቅ መፈለጋቸውን አስታውቀው ማለዱላቸው፤ የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፥ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ብዙዎቹ ከወኅኒ ወጡ። ከሟች ቤተሰቦች መካከል እኛን ማን ጠየቀን ብለው ያዘኑ ነበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ዝም አልሁ። መንግሥት ምሕረት ማድረግ ይችላል፤ ሥልጣኑ ነው። ይቅርታውን ግን ከእኔ ኪስ ሊያወጣው አይችልም።

ከእኔ ኪስ ያልሁት በከንቱ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜን ሌሊት ከቤታችን ወሰዱት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከወሰዱት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ አብሮን ኳስ ሲጫወት ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በሩን ያንኳኳው እርሱ ስለ ሆነ ነው እናቴ የከፈተችው። እንደ አያቴ ሁሉ የወንድሜም መቃብር የት እንደ ሆነ አይታወቅም። ያ ሰው አልተከሰሰም። የወንድሜን ነገር ሳነሣ በምን ልብ እንደማነሣው እግዚአብሔር ያውቃል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ለእኔም ነው። በእርሱ ላይ ክፉ እንዳልመኝ ብዙ ጸልያለሁ፤ ዐሥር ዓመትም ይሁን ሃያ ወስዶብኝ ይሆናል፥ ዛሬ አልመኝበትም። ሰላምታ እንሰጣጣለን። ከዚያ አልፈን አናውቅም።

ሁለታችንም የአንድ ዕድር አባሎች ነን፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ ሞተችበት። የዕድሩን ገንዘብ ማድረስ የጸሐፊው ሥራ ነውና በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሄድሁ። እርሱ በፍራሹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገንዘቡን ቈጥሬ ሰጠሁት፤ ደረሰኙንና ብዕሩን አቀረብሁለት። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ወረቀቱን ያዝሁለት። ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ብዕሩን ሳይመልስልኝ ፊርማውን ብዙ ጊዜ ተመለከተና፥

«ወንድምህ ጽሕፈቱ ያምር ነበር» አለኝ።

ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም። ከቤቱ ሴቶች አንዲቱ ቡና አቀረበችልኝ። ተቀምጬ ጠጣሁ፤ ሁለተኛውንም ቀዱልኝ፥ እርሱንም ጠጣሁ።